ስቫንቴ አሬኒየስና የምድር ሙቀት

ስቫንቴ አሬኒየስ በ1859 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ አጠገብ ተወለደ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር።

በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1884 የዶክተርነት ጽሑፉን አቀረበ፤ ነገሩም ጨው የሟሟበት ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍበት ምክንያት ነበር። መምህራኑ ሐሳቡ ስላልጣማቸው ዝቅተኛ ማዕርግ ሰጡት። እርሱ ግን ጽሑፉን በውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ላከ፤ ከነሱም አንዱ ኦስትቫልት እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጥቶ ጎበኘው። በ1903 ያው የተናቀው ሐሳብ የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በፈተና ነጥብ ብቻ ራሳችንን ለምንመዝን ተማሪዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ዛሬ ይበልጥ የሚነካን ግን በ1896 ያወጣው ሌላው ሥራው ነው። የጥንቱ የበረዶ ዘመን ለምን መጣ ብሎ ተነሣ። በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ግን እንደ ጋቢ ይይዛል። ይህን ቲንዳል ቀደም ብሎ በሙከራ አሳይቶ ነበር። ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ አሬኒየስ አሜሪካዊው ላንግሊ የጨረቃን ሙቀት ለክቶ የሰበሰበውን ቁጥር ወሰደ፤ በብዕርና በወረቀት አንድ ዓመት ያህል ደከመበት። በዚያው ጊዜ ትዳሩም እየፈረሰ ነበር። በመጨረሻ ይህ አየር እጥፍ ቢሆን የምድር ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ እንደሚጨምር አገኘ። የዓለም ሊቃውንት በ2021 ያወጡት ግምት ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው በቁጥሩ ትንሽ ቢያበዛም መንገዱን አልሳተም።

የሳተው በሌላ ነው። የድንጋይ ከሰል ጢስ ምድርን እንደሚያሞቅ ዐውቆ፣ ነገሩ እጅግ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ሲመጣም አዝመራን የሚያበዛ በረከት መሰለው። በ1927 ሲሞት ይህን ተስፋ የሚያፈርስ ልኬት ገና አልነበረም። ኪሊንግ በ1958 በሐዋይ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከሚሊዮን እጅ 315 ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ2023 ከ420 አለፈ።

እንግዲህ የአሬኒየስ ስሌት ቆመ፤ ምኞቱ ወደቀ። የብርድ አገር ሰው ነበርና ሙቀት ለአገሩ የሚያደርገውን አየ፤ ዝናብ ጠብቆ ለሚያርስ ገበሬ የሚያደርገውን አላሰበም። እኛ የዚያ ገበሬ ልጆች ነን። ስለዚህ ቁጥሩን ከርሱ ተምረን፣ እርሱ ያልጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።