የልብ ሰላምን በበረሃ የፈለገው እንጦንስ

የቅዱስ እንጦንስን ስም መቼም ያልሰማ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በዓሉ ጥር 22 ቀን ይከበራል፤ የሀገራችን መነኮሳትም የምንኩስና የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ የሚጀምሩት ከእሱ ነው። እኔ ግን ታሪኩን በደንብ ያነበብኩት ዘንድሮ ነው። ሁሉን ትቶ ሰላም አገኘ ሲባል እሰማ ስለነበር፣ እስቲ እንዴት ነው የተወው ብዬ ነው የጀመርኩት።

እንጦንስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ251 ገደማ ግብፅ ውስጥ፣ ከሀብታም ክርስቲያን ቤተሰብ ነው። ዕድሜው አሥራ ስምንት ወይም ሃያ ሲሆን፣ ማለትም እኛን ሲያክል፣ እናትና አባቱ ሞቱበትና ከአንዲት ትንሽ እህቱ ጋር ቀረ። የወረሰው መሬት 300 አሩራ ሲሆን በዛሬው ልኬት ወደ 80 ሄክታር ይጠጋል። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ጌታ ባለጸጋውን ወጣት ንብረቱን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ የነገረበት ወንጌል ሲነበብ ደረሰ። ለራሱ የተነገረ መሰለው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቤቱን ዕቃ ሸጦ ለድሆች አከፋፈለ፤ ለእህቱ ጥቂት አስቀረ። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ነገ አለመጨነቅ የሚናገረውን ቃል ሲሰማ ያችኑም ሰጠና እህቱን ለደናግል አደራ ብሎ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ጋ ትንሽ ከነከነኝ። ልጅቷስ ተጠይቃ ይሆን? ታሪኩን የጻፈው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ (አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ ሀገራችን የላከው ማለት ነው) ደናግሉ የታመኑ እንደነበሩ ይነግረናል። ከብዙ ዓመት በኋላም እንጦንስ እህቱን አርጅታ፣ የሌሎች ደናግል መሪ ሆና አግኝቷት ተደስቷል። እሷ በበኩሏ ምን እንደተሰማት ግን አልተጻፈም። ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች የአንዱ ወገን ድምፅ ጎደለ የሚባለው ይሄ ነው።

ደግሞ ንብረቱን በሰጠ ማግስት ሰላም አላገኘም። መሬቱ ከእጁ ቢወጣም ከሐሳቡ አልወጣም። የተወው ሀብት ትዝ እያለው፣ የእህቱ ነገር እያስጨነቀው፣ ገንዘቡ፣ ክብሩ፣ ጥሩ ምግቡ ሁሉ በዓይኑ ላይ ይሄድ ነበር። በመጀመሪያ በመንደሩ ዳር ሆኖ በእጁ እየሠራ፣ ካገኘው ላይ ዳቦ ገዝቶ የቀረውን ለድሆች እየሰጠ ኖረ። ከዚያ መቃብር ቤት ውስጥ ገባ። በመጨረሻም ዓባይን ተሻግሮ በአንድ የፈረሰ ምሽግ ውስጥ ራሱን ዘጋ። ዳቦ በዓመት ሁለት ጊዜ በጣሪያ በኩል ይቀበል ነበር። እዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። የኛ ሰው ይቅርና ሃያ ዓመት ሃያ ደቂቃም ብቻውን ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ305 አካባቢ ወዳጆቹ በሩን ሰብረው ሲያወጡት ያዩት ነገር አስገረማቸው። አልወፈረም፣ አልከሳም። አላዘነም፣ ከት ብሎም አልሳቀም። ሕዝቡ ሲከበው አልደነገጠም፣ ሰላምታ ሲጎርፍለትም አልኮራም። በእኔ አስተያየት የሰውየው ሰላም ምን እንደሚመስል ከተአምራቱ ሁሉ በላይ የሚያሳየው ይሄ ነው።

ከሰው ተለይቶም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ311 በክርስቲያኖች ላይ ስደት ሲነሳ እስክንድርያ ወርዶ በእስር ቤትና በማዕድን ማውጫ ያሉትን አገለገለ። ዝናው ሰላም ሲነሳው ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ፣ ወደ ሩቁ ተራራ ሄደ። እዚያም ወንድሞች ዳቦ ተሸክመው እንዳይደክሙ ብሎ መሬት ቆፍሮ እህል ዘራ፣ ለእንግዳም አትክልት ተከለ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስና ልጆቹ ደብዳቤ ሲጽፉለት እንኳ መጀመሪያ ሊቀበል አልፈለገም ነበር፤ መነኮሳቱ ናቸው ለምነው መልስ ያስጻፉት።

ያረፈው እ.ኤ.አ. በ356፣ በ105 ዓመቱ ነው። በዘመኑ ግብፃውያን የቅዱሳንን አስከሬን ገንዘው ቤት የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። እሱ ይህን ስላልወደደ አብረውት የነበሩት ሁለት ደቀ መዛሙርት በስውር እንዲቀብሩት አዘዘ። ያለውንም አከፋፈለ፦ አንድ የበግ ለምድና የሚተኛበትን ካባ ለአትናቴዎስ፣ ሌላውን የበግ ለምድ ለጳጳሱ ሰራፕዮን፣ የጠጉር ልብሱን ለሁለቱ ልጆቹ። የተቀበረበትንም ቦታ ከሁለቱ በቀር ያወቀ አልነበረም።