ብፁዕ አቡነ ሚካኤል ሰማዕት፤ የጎሬው ጳጳስ

ሥልጣነ ክህነት ከሐዋርያት ጀምሮ በአንብሮተ እድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አደራ ነው። ይህን አደራ እስከ ሞት ከጠበቁት አባቶች አንዱ መንበራቸውን በጎሬ ያደረጉት ብፁዕ አቡነ ሚካኤል ናቸው። ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ እስከ ማሻና እስከ ጎሬ ድረስ በዱር ቡናው መካከል የሚኖር ምእመን ሁሉ የእኒህን አባት ታሪክ ሊያውቅ ይገባዋል።

አቡነ ሚካኤል አስቀድሞ መምህር ኃይለ ሚካኤል ይባሉ ነበር። በዘመናቸው ለክህነት የታሰበ ልጅ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት ይደግማል፤ ግብረ ዲቁናውን ካጠና በኋላ ዲቁና ይቀበላል። ትምህርት የጠማው ደግሞ ቍራሽ እየለመነ፥ ደበሎ ለብሶ፥ በዜማው፥ በቅኔውና በመጻሕፍት ትርጓሜው ቤት ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ሲጎለምስ መንገዱ በሁለት ይከፈላል፤ ወይ በተክሊልና በቍርባን አንዲት ሴት አግብቶ ቅስና ይቀበላል፥ ወይ ይመነኵሳል። ለጵጵስና የሚመረጠው ግን ከመነኰሳት ወገን ነው።

ነገር ግን ምንም ቢማር እጁን የሚጭንለት ጳጳስ ካላገኘ ካህን ሊሆን አይችልም። ጳጳሱም ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ከእስክንድርያ መንበር የሚላክ ግብጻዊ ነበረ። ለዚህች ሰፊ አገር ብዙ ጊዜ የሚላከው አንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ የሩቅ አገር ሰው ስንቁን ተሸክሞ፥ ወንዝና ተራራ ተሻግሮ ጳጳሱ ወዳለበት መሄድ ግድ ይሆንበት ነበር። ጳጳሱ የሞተ እንደ ሆነ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሿሚ ትቀር ነበር።

አቡነ ማቴዎስ በኅዳር ወር 1919 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ይህ ችግር እንደ ገና ደረሰ። ከብዙ ምክርና ልመና በኋላ ከግብጻዊው ከአቡነ ቄርሎስ ሌላ አራት ኢትዮጵያውያን መምህራን እንዲሾሙ ተፈቀደ። እነርሱም ወደ ካይሮ ወርደው በ1921 ዓ.ም. በፓትርያርኩ በአባ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ተሾሙ፤ ስማቸውም አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤል፥ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ ተባለ። ካህናትንና ዲያቆናትን ይሾሙ ዘንድ ተፈቀደላቸው፤ ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ግን ተከለከሉ።

ለአቡነ ሚካኤል የደረሳቸው ዕጣ ይህ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ አገር ነበረ። ቋንቋውን የሚያውቅ፥ የቆሎ ተማሪን ረኃብ የሚያውቅ አባት በጎሬ ተቀመጠ። ቀድሞ የሹመት ጉዞው እስከ አዲስ አበባ የነበረበት ዲያቆን አሁን በቅርቡ አባት አገኘ።

ይህም ደስታ ብዙ ዘመን አልቆየም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚደረገው አስተዳደር በጎሬ ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ ስላወገዙ በአዲስ አበባ ተገደሉ። በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬ ገባ። ልዑል ራስ እምሩ እየተዋጉ ወደ ከፋ ቢወርዱም በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ።

አቡነ ሚካኤልም ለጠላት ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲሰብኩ ተፈለገ። ይህን ቢያደርጉ ነፍሳቸውና መንበራቸው በተረፈ ነበር፤ አብረዋቸው ከተሾሙት መካከል ለጠላት ያደረ ነበርና። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። በዚያው በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጥይት ተደብድበው ሞቱ፤ ለሕዝቡ በተሾሙ በስምንት ዓመታቸው ስለ ሕዝቡ ደማቸውን አፈሰሱ።

አራቱ ሲሾሙ የተከለከለው ሥልጣን ኋላ ተገኘ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ተባሉ። ዛሬ በሚዛን ወይም በቴፒ ድቁና የሚቀበል ልጅ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ ጳጳስ እንደ ነበረ ላያውቅ ይችላል። መንገዱ አጥሮለታል፤ አደራው ግን አላጠረም። በፈተና ቀን ስለ መንጋው መቆም ከዳዊቱና ከቅዳሴው ጋር የሚማረው ነው፤ መምህሩም የጎሬው ሰማዕት ናቸው።

የአቡነ ሚካኤል በረከት በዚህ ደብር ካህናትና ምእመናን ላይ ይደር፤ አሜን።