ስለ ሃሪ ፈርጉሰን፤ መሣሪያን በሥራው ልክ ስለ መምረጥ

ሃሪ ፈርጉሰን የሚባለው ስመ ጥር ሰው በ1884 ዓመት በአየርላንድ ደሴት፣ ዳውን በሚባል አውራጃ፣ ግሮዌል በምትባል መንደር ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። አባቱ ገበሬ ነበረ፤ 11 ልጆችም ነበሩት።

የዚያ አገር ሰማይ ዝናቡን ብዙ ጊዜ አያቋርጥም። ስለዚህ ሣሩ ለምለም ነው፤ መሬቱ ግን ጨቅይቶ ይገኛል። እርሻውም በቍጥቋጦና በድንጋይ ካብ እየታጠረ በትንንሽ መስክ የተከፋፈለ ነው፤ መግቢያውም ጠባብ ነው። በበጋ ወራት ገበሬው ሣሩን አጭዶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ ለብርዱ ወራት የከብት መኖ ያከማቻል። የታጨደው ሣር ሳይደርቅ ዝናብ ከመታው ይሻግታል፤ ድርቆሽ ያጣ ገበሬም ከብቶቹ ይራቡበታል። ስለዚህ ፀሐይ በምትወጣበት ጥቂት ቀን ፈጥኖ ማጨድ ግድ ነው። ሃሪ ልጅ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው በሰው እጅና በፈረስ ጕልበት ነበረ። ፈረስም ሥራ ባይኖረው እንኳ መብላቱን አይተውምና ከመሬቱ ፍሬ ብዙው ለእርሱ ቀለብ ይሄድ ነበር።

ሃሪ የእርሻውን ድካም አልወደደም። በ1902 ዓመት ወደ ቤልፋስት ከተማ ሄዶ፣ ወንድሙ ጆ በከፈተው ቤት ብስክሌትና አውቶሞቢል ማደስ ጀመረ። እጁ ለመኪና ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። አውሮፕላን ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን እርሱ በራሱ እጅ አንድ አውሮፕላን ሠራ፤ በ1909 ዓመት በመጨረሻው ቀንም ሂልስቦሮ በሚባል ቦታ 120 ሜትር ያህል በረረበት። በአየርላንድ ምድር በሞተር የበረረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የሚበር ነገር ቀላልና ጠንካራ ካልሆነ ከምድር አይነሣም፤ ይህም ትምህርት በኋላ ለእርሻው ሥራ ጠቀመው።

በ1911 ዓመት የራሱን የመኪና ንግድ ቤት ከፈተ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜም ትራክተር የሚባለውን የእርሻ መኪና ከአሜሪካ እያስመጣ ይሸጥ ጀመር። ያን ጊዜ የነበረው ትራክተር ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ነበረ። ሠሪዎቹ መንኰራኵሩ መሬቱን ጨብጦ እንዲጐትት መኪናው የግድ ከባድ መሆን አለበት ብለው ያስቡ ነበርና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ትራክተር በጨቀየ መስክ ይሰጥማል፤ አፈሩን ጠቅጥቆ የሣሩን ሥር ያፍናል፤ በጠባብ መስክም ለመዞር ይቸገራል።

በ1917 ዓመት በጦርነቱ ምክንያት እህል ስላነሰ፣ የአየርላንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ፈርጉሰን በየአውራጃው እየዞረ የትራክተርን ሥራ እንዲያሻሽል ለመነው። እርሱም ዊሊያም ሳንድስ ከሚባለው ረዳቱ ጋራ እየዞረ የገበሬውን ችግር በዓይኑ አየ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ነገር ይህ ነበር፤ ማረሻው ከኋላ ተጐታች ሆኖ ሳለ ከድንጋይ ጋራ ሲጋጭ በድንገት ይቆማል፤ መንኰራኵሩ ግን መዞሩን አይተውም፤ የትራክተሩም ፊት ወደ ላይ ተነሥቶ በነጂው ላይ ይገለበጣል። በዚህ አደጋ ብዙ ሰዎች ሞቱ።

ሌሎች ሰዎች ትራክተሩን የበለጠ ለማክበድ ሲያስቡ፣ ፈርጉሰን ግን አስቀድሞ ሥራውን መረመረ። ማረሻውና ትራክተሩ እንደ ሁለት ነገር መሆናቸውን ትተው እንደ አንድ አካል ቢያያዙ ይሻላል ብሎ አሰበ። ስለዚህ መሣሪያውን በሦስት ዘንግ፣ ሁለቱን ከታች አንዱን ከላይ አድርጎ፣ ከትራክተሩ ጀርባ አያያዘው፤ በዘይት ግፊትም እንዲነሣና እንዲወርድ አደረገው። ማረሻው አፈሩን ሲገፋ የሚመጣው ጫና የኋላውን መንኰራኵር ወደ ምድር ይጫነዋል፤ የላይኛውም ዘንግ የትራክተሩ ፊት እንዳይነሣ ይገፋዋል። እንግዲህ ክብደቱ በጐደለ ጊዜ ሥራው ራሱ ይሰጠዋልና ቀላል ትራክተር የከባዱን ሥራ ለመሥራት ቻለ።

ይህ ሥራ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። ብዙ ዓመት እየሠራና እያፈረሰ፣ በ1933 ዓመት ጥቍር ቀለም የተቀባውን የመጀመሪያ ትራክተሩን አወጣ። በ1936 ዓመትም በእንግሊዝ አገር መሸጥ ተጀመረ፤ ነገር ግን ገበሬው ከትራክተሩ ጋራ አዲስ ማረሻና አዲስ ማጨጃ መግዛት ስላለበት ገበያው ደካማ ሆነ። ፈርጉሰን ተስፋ አልቈረጠም። በ1938 ዓመት ትራክተሩን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ለሄንሪ ፎርድም በመስክ ላይ ሥራውን አሳየው፤ በሽቦ ጥምጥም የምትሄድ ትንሽ አምሳያም በጠረጴዛ ላይ አድርጎ ምሥጢሩን ገለጠለት። ሁለቱ ያለ ጽሕፈት እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተዋዋሉ። ከ1939 ዓመት ጀምሮም ከ300,000 የሚበልጥ ትራክተር ተሠራ።

በ1947 ዓመት ፎርድ ሞተ። ኩባንያውም አስቀድሞ በልጅ ልጁ እጅ ገብቶ ነበርና ውሉን ትቶ ለብቻው መሥራት ጀመረ። ፈርጉሰንም ከስሶ፣ በ1952 ዓመት ክርክሩ በዕርቅ ሲያልቅ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀበለ። ከዚህም ውል በጽሕፈት ሲጸና ለሁለቱም ወገን እንደሚበጅ እንማራለን።

ከ1946 ዓመት ጀምሮ ኮቨንትሪ በሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ሌላ ግራጫ ትራክተር ይሠራ ነበር። ክብደቱ ከ1 ቶን ጥቂት የሚበልጥ፣ ኃይሉም 30 የፈረስ ጕልበት የማይሞላ ነበረ። እስከ 1956 ዓመት ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠራ። ለሣር ሥራ እጅግ የተመቸ ነበረ። ማጨጃው ወደ አፈር አይገባምና ከባድ ጐታች አይሻም፤ ከሞተሩ ኃይል የሚያመጣለት የሚሽከረከር ዘንግ ይበቃዋል። የማጨጃው ስለት ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነበረ። ነጂውም መስኩ ጫፍ ሲደርስ ማጨጃውን በዘይቱ ኃይል አንሥቶ በቀላሉ ይዞር ነበር። የመንኰራኵሮቹም ርቀት እንደ ሥራው ይሰፋና ይጠብ ነበር።

ስለዚህ ለሣር ማጨጃ ትራክተር የሚመርጥ ሰው የጎረቤቱን ትራክተር አይቶ አይቅና፤ የራሱን መስክ ይመርምር። መስኩ ምን ያህል ነው? መግቢያው ምን ያህል ይሰፋል? መሬቱ ደረቅ ነው ወይስ ጨፌ? ሜዳ ነው ወይስ ተዳፋት? ማጨጃውስ ምን ያህል ኃይል ይሻል? ትራክተሩ ከልክ በላይ ቢሆን ገንዘብና ነዳጅ ይባክናል፤ መስኩም ይረገጣል። ከልክ በታች ቢሆን ሞተሩ ይጨነቃል፤ ሣሩ ሳይታጨድ ዝናብ ይደርስበታል፤ ከኋላ የተሸከመውም ከከበደው ፊቱ ይቀልልና መሪው አይታዘዝም። በተዳፋት ላይ ደግሞ የመንኰራኵሩ ርቀት የጠበበ ትራክተር ይገለበጣል፤ የሰውም ሕይወት ይጠፋል።

በዛሬው ዘመን እየተሽከረከሩ የሚያጭዱ ማጨጃዎች አሉ፤ እነዚህ ከቀድሞው የበለጠ ኃይል ይሻሉ። አንድ ሜትር ተኩል ለሚሰፋው በዘንጉ ላይ 25 የፈረስ ጕልበት ያህል እንዲኖር ብዙ አዋቂዎች ይመክራሉ። ማጨጃውም ከኋላው መንኰራኵሮች ስፋት እንዳያንስ ይጠንቀቁ ይላሉ፤ ቢያንስ መንኰራኵሩ ያልታጨደውን ሣር ይረግጣልና። ቍጥሩ ከዘመን ዘመን ይለወጣል፤ መስኩን አስቀድሞ መለካት ግን አይለወጥም።

ትንሽ መሆን ደካማ መሆን አይደለም። በ1958 ዓመት በጥር ወር ሰር ኤድመንድ ሂላሪ በፈርጉሰን ትራክተሮች በበረዶ ላይ ተጕዞ እስከ ደቡብ ዋልታ ደረሰ። ሃሪ ፈርጉሰንም በ1960 ዓመት በ75 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ። ያወጣው የሦስት ዘንግ ማያያዣ ግን ዛሬም በዓለም ሁሉ ባሉ ትራክተሮች ጀርባ ይታያል።

ልጆች ሆይ፤ ትልቅ ነገር ሁሉ ጠቃሚ፣ ትንሽም ነገር ሁሉ የተናቀ አይምሰላችሁ። መሣሪያ የምትመርጡበት ቀን ሲመጣ አስቀድማችሁ ሥራውን ለኩ፤ ሰው እንዲያደንቃችሁ ብላችሁ ከልክ በላይ አትግዙ፤ ገንዘብ ልቈጥብ ብላችሁም ነፍስን ለአደጋ የሚሰጥ ደካማ መሣሪያ አትያዙ። ሥራውን የለካ ሰው መሣሪያውን አይስትም።