ካዎ ጦና፥ የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ

ካዎ ማለት በወላይትኛ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። በወላይታ አገር ብዙ ካዎዎች ነግሠዋል፤ ከሁሉ በኋላ የነገሡት ካዎ ጦና ናቸው። በሻንቶም ሆነ በሶዶ በገበያ ዳር ለተቀመጠ ሽማግሌ ስማቸውን ብታነሡለት፥ ምርኩዙን አቁሞ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ይነግራችኋል እንጂ ባጭሩ አይተወውም። እኛ ግን ለንባብ እንዲመች ባጭሩ እንጽፈዋለን።

ጦና የካዎ ጋጋ ልጅ ናቸው። ቤታቸው የትግሬ ወገን ይባል ነበር፤ ይኸውም የዚህ ቤት ጥንተ ዘር ከትግራይ መጣ ተብሎ ስለሚነገር ነው። ከዚህ ቤት በፊት ሌሎች የንጉሥ ወገኖች በወላይታ ነግሠው ነበርና፥ ዙፋኑ ከእነርሱ ወደዚህ ቤት ተላለፈ። ጦና ከ1882 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነገሡ። መቀመጫቸውም ዛሬ ሶዶ ካለችበት ብዙ በማትርቀው በዳልቦ ነበረ። ከዚያ የዳሞታ ተራራ ይታያል።

አገሩ ለም ነበረ። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ቆሞ፥ ጎደሬውም ከሥሩ ተተክሎ ነበር። እንሰት ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የማይሞት ተክል ስለ ሆነ፥ ወላይታዎች ሌላው አገር በራበው ጊዜ እንኳ የሚበሉትን አያጡም ነበር። ከብቱም ብዙ ነበረ። ይህ የከብት ብዛት ኋላ ለአገሩ መከራ እንዳመጣበት ከዚህ በታች ታነባላችሁ።

የአገሩ አስተዳደር እንዲህ ነበረ። ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ሜዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሰውን ነገር ይሰማሉ፤ ድንበር የተገፋበት፥ ከብት የጠፋበት፥ የተጣላም ሰው ወደዚያ ይመጣል። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ወገን ሰምተው ይፈርዳሉ። ከዱቡሻው በላይ የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ፤ ከሹማምንቱም በላይ ካዎው። የመሬትና የጎረቤት ጠብ በሽማግሌዎች ይፈረድ ነበር፤ የጦርና የዕርቅ ነገር ግን ከካዎው እጅ አይወጣም ነበር።

ሰውም ሁሉ እኩል አልነበረም። ሸክላ የምትሠራዋ፥ ብረት የሚቀጠቅጠውና ቆዳ የሚፍቀው ይናቁ ነበር። ከእነርሱም በታች በባርነት የሚኖሩ ነበሩ። ይህን ለመደበቅ አንወድም። የቀድሞው ዘመን ሁሉ ወርቅ ነበር የሚል ሰው የዚያን ዘመን ባሪያ ጠይቆ አያውቅም።

በዚያ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ያሰፉ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪቃን ሲከፋፈሉ አይተው ነበርና፥ ከእነርሱ ቀድመው ድንበር ለመያዝ አሰቡ። ግብርም ይፈልጉ ነበር። ደግሞ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በኢትዮጵያ ወርዶ፥ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ነበር። ወታደሩም ተርቦ ነበር። በዚህ መካከል የወላይታ ከብት ብዙ ነው የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ተሰማ።

አስቀድሞ የተላኩት ጦሮች ወላይታን ማስገበር አልቻሉም። በድንበሩ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበርና፥ የማያውቀው ፈረሰኛ ከነፈረሱ ይወድቅበት ነበር ይባላል። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ለመዝመት ቈረጡ። በኅዳር ወር 1887 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሡ። የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ጦራቸውን ይዘው አብረዋቸው ዘመቱ። ቫንደርሄም የተባለ አንድ የፈረንሳይ ነጋዴም ሠራዊቱን ተከትሎ ሄዶ፥ ያየውን ኋላ በመጽሐፍ አሳተመ።

ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ካዎ ጦና እንዲገብሩ መልእክት ተላከባቸው። ቢገብሩ ዙፋናቸው ይቀርላቸው ነበር፤ ለአባ ጅፋርም የሆነው እንዲህ ነበረና። አባ ጅፋር ቀደም ብለው ለዐፄ ምኒልክ ገብረው፥ በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ በጅማ ንጉሥ ሆነው ይኖሩ ነበር። እርሳቸውም ጦና ይህንኑ እንዲያደርጉ መከሩ። ካዎ ጦና ግን እምቢ አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጥኖ ሆነ። ወላይታዎች በጦርና በጋሻ ተዋጉ፤ ከሸዋ የመጣው ሠራዊት ግን እጅግ ብዙ ጠመንጃ ነበረው። ጦርነቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። ቤቱ ተቃጠለ፤ የሞተው ሰው ብዙ ነበረ፤ ብዙ ሺህ ከብትም ተነዳ። ሴቶችና ሕፃናት ተማርከው ወደ ባርነት ተወሰዱ። ቫንደርሄም በጽሑፉ ይህን እያየ መሄድ እንደ ከበደው ገልጧል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ካዎ ጦና ራሳቸው ቆስለው ተያዙ።

ዐፄ ምኒልክ አልገደሏቸውም። ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ ጦናም የክርስትና ጥምቀት ተጠመቁ፤ ዐፄ ምኒልክም የክርስትና አባት ሆኗቸው። ነገር ግን እንደ ቀድሞው ነጻ ንጉሥ ሆነው ዳግመኛ አልነገሡም። የወላይታ መንግሥት በእርሳቸው አለቀ። ገበሬውም ከዚያ በኋላ ገባር ሆኖ፥ ለብዙ ዘመን የሌላ ሰው መሬት አራሽ ሆኖ ኖረ።

በወላይታ ይህን ያደረጉት ንጉሥ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፥ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የኢጣልያን ጦር ድል አድርገው አገሪቱን ከቅኝ አገዛዝ ያዳኑት ናቸው። ሰው አንድ ወገን ብቻ የለውም፤ አንዱን ሥራ ስናነብ ሁለተኛውን መሰረዝ አይገባንም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ካዎ ጦና ደፋር ነበሩን? ነበሩ። ለነጻነታቸው ቆሙ፤ ደማቸውንም አፈሰሱ። የወላይታ ሰው እስከ ዛሬ በስማቸው የሚኮራው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሌላ ልታስቡት የሚገባ ጥያቄ አለ። እምቢታው የወጣው ከአንድ አፍ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን አገሩ ሁሉ ነው። ሸክላ የምትሠራዋ ሴት እንዋጋን ወይስ እንገብር ተብላ አልተጠየቀችም። ባሪያውም አልተጠየቀም። ከሸዋ የዘመተው ወታደርም ቢሆን ወደ ወላይታ ልሂድን ብሎ ድምፁን አልሰጠም። በጅማም ሕዝቡ ሳይጠየቅ ነው አባ ጅፋር የገበሩት። የጅማ ሰው ከእሳት ዳነ፤ አባ ጅፋርም እስከ 1924 ዓ.ም. ገደማ በሕይወት ቆይተው በአልጋቸው ሞቱ። ይህ የሆነው ንጉሡ ብልህ ሆነው ስለ ተገኙ ነው። ሌላ ንጉሥ ተቀምጦ ቢሆን ሌላ ይሆን ነበር። የአገር ሁሉ ኑሮ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደምታነቡት፥ እስራኤል እንደ ሌሎች አሕዛብ ንጉሥ እንዲነግሥላቸው ነቢዩ ሳሙኤልን በለመኑት ጊዜ፥ ሳሙኤል ንጉሥ ልጆቻቸውንና እርሻቸውን እንደሚወስድባቸው አስጠነቀቃቸው። እነርሱ ግን አልሰሙትም። የተሰጣቸው ሳኦልም መልካም ሰው ሆኖ ጀመረ፤ አጨራረሱን ታውቃላችሁ።

ዛሬ በዓለም ላይ ሕዝብ መሪውን የሚመርጥባቸው፥ ዴሞክራሲ የሚባለው ሥርዓት ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ንጉሣቸውን አላባረሩም። እንግሊዝ፥ ጃፓንና ስዊድን እንዲህ ናቸው። በስዊድን በ1967 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ለንጉሡ ክብሩን ትቶለት ሥልጣኑን ሁሉ ወሰደ። ንጉሡ በበዓል ቀን ይታያል፤ እንግዳም ይቀበላል፤ ጦር ማዘዝ ወይም ሚኒስትር መሾም ግን አይችልም።

በዚያው በ1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሆነው ሌላ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጥተው ነበር። በ1948 ዓ.ም. ያ ሕግ ተሻሻለና፥ ሕዝቡ ለምክር ቤት እንደራሴዎችን መምረጥ ጀመረ። ይሁን እንጂ ሚኒስትሮቹን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የፖለቲካ ማኅበርም አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ። ወታደሮች መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከዙፋን አወረዱ፤ በመጋቢትም ዘውዱን ፈጽሞ ሻሩት። በመካከሉ፥ በየካቲት 25 ቀን፥ መሬት ለሕዝብ ታወጀና የወላይታም ገባር ከባለ መሬት እጅ ወጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነበረ፤ ብዙ ሰውም በደስታ ተቀበለው። ነገር ግን ዘውዱን የሻሩት ወታደሮች ራሳቸው ያለ ዘውድ ነገሡ። አሥራ ሰባት ዓመት ገዙ፤ የገደሏቸውም ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ዙፋን ከአዳራሽ ወጣ ማለት ሕዝብ ገባ ማለት አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ኢጣልያኖች ግን በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በ1938 ዓ.ም.፥ ንጉሥ ይቅርልን ወይስ ይሂድልን በማለት ሕዝቡ ሁሉ፥ ሴቶችም ጭምር፥ ድምፅ ሰጡ። ዘውዱን የማይፈልጉት በለጡና ንጉሡ ከአገር ወጡ። በኡጋንዳ ደግሞ በ1959 ዓ.ም. የተሻሩት ነገሥታት በ1985 ዓ.ም. ተመልሰው፥ የባህል መሪ እንዲሆኑ እንጂ በመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ ተደረገ። የቡጋንዳ ሰዎች ንጉሣቸውን በማግኘታቸው እጅግ ተደሰቱ፤ በንጉሡና በመንግሥት መካከል ግን ጠብ የተነሣበት ጊዜ አለ።

በአሳባችን፥ ንጉሥን ከዴሞክራሲ ጋር አብሮ ማኖር ይቻላል፤ የሚቻለውም ሕዝቡ ተጠይቆ ሲፈቅድ፥ ንጉሡም ሰይፉንና ግምጃ ቤቱን ሲያስረክብ ነው። በአገራችን ግን ዙፋን እንደ ገና ቢተከል የማን ዙፋን ይሆናል? ወላይታ ካዎ ነበረው፤ ከፋም የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ጅማም፥ ሸዋም። አንዱን ያነሣን እንደ ሆነ የሌላውን አያት ዝቅ እናደርጋለን፤ የድሮውንም ቁስል እንነካለን። ስዊድን ይህ ችግር የለባትም። ስለዚህ የካዎ ጦና ስም በወላይታ ልጆች አፍና በመጻሕፍት ቢኖር ይሻላል እንጂ፥ በአልጋቸው ሌላ ሰው ባይቀመጥ ይሻላል እንላለን። ሌላ የሚያስብ ሰው አለ፤ ከመምህራችሁ ጋር ብትከራከሩበት መልካም ነው።

ካዎ ጦና በተያዙ በመቶኛው ዓመት፥ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፥ ዛሬ ያለው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በእርሱም ሥልጣን የሚያዘው ሕዝብ በመረጠው ወኪል እንጂ በዘር እንዳልሆነ ተጻፈ። የተጻፈው ሁሉ ተፈጸመ አንልም። በጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የወላይታ ሕዝብ ከጎረቤቶቹ ጋር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ይቋቋም ወይስ አይቋቋም ተብሎ በድምፅ ተጠየቀ። የምርጫ ቦርድ ግን በወላይታ ዞን ጉድለት አገኘና ውጤቱን ሰረዘ። ስለዚህ የወላይታ ሰዎች፥ ሴቱም ወንዱም፥ ሸክላ ሠሪዋም ገበሬውም፥ በሰኔ 12 ቀን እንደ ገና ተሰልፈው ድምፃቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ሰጡ።