ማሊክ አምበር፦ ጠላቶቹ ጭምር የመሰከሩለት ሐበሻ

በባርነት የተሸጡ ሰዎች ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በጌቶች፣ በነጋዴዎችና በጠላቶች እጅ ነው። የማሊክ አምበርም ታሪክ በብዛት የደረሰን በዚሁ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1548 አካባቢ በሀገራችን ተወለደ። የቀድሞ ስሙ ቻፑ እንደነበርና የመን ውስጥ በሞካ ወደብ በ20 ዱካት እንደተሸጠ የጻፈው ፒተር ቫን ደን ብሩክ የተባለ የሆላንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴ ነውና ዋጋውን አልዘነጋም። በኋላ ባግዳድ ውስጥ ሚር ቃሲም የተባለ ጌታው አስተማረው፤ አምበር የሚለውንም ስም አወጣለት።

ከዚያ ሕንድ ተወስዶ ለአህመድናገር ሱልጣኔት ዋና ሚኒስትር ለጀንጊዝ ኻን ተሸጠ። ይህ ባለሥልጣን ራሱ ቀድሞ በባርነት የተሸጠ ሐበሻ ነበር። እሱ ሲሞት ሚስቱ አምበርን ነፃ አወጣችው። አምበርም ፈረሰኞች አሰባስቦ ወታደር ሆነ።

በ1600 የሙጋል ጦር የአህመድናገርን ከተማ ያዘ። አምበር ግን ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንዱን ዙፋን ላይ አስቀምጦ፣ እሱ እንደራሴ ሆኖ ትግሉን ቀጠለ። ከማራታ ፈረሰኞች ጋር ድንገት እያጠቃ፣ የስንቅ መንገድ እየቆረጠ፣ ግዙፉን ጦር ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አስጨነቀ። በ1610 ኪርኪ የተባለችውን ከተማ መሠረተ፤ ውሃም በቦይ አስገባላት።

የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በገዛ ማስታወሻው አምበርን በመልኩ እያንቋሸሸ ሰድቦታል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊም ንጉሡ በጦር ላይ የተሰካውን የአምበርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ አድርጎ ሥሎታል። ይህ ግን በሥዕል እንጂ በእውን አልሆነም፤ አምበር አልተያዘም። ስድቡንም ሥዕሉንም በጥንቃቄ ላነበበው የሚናገሩት ስለ አምበር ውርደት ሳይሆን ስለ ንጉሡ ብስጭት ነው። አምበር በ1626 በ80 ዓመቱ ገደማ ሲሞት፣ የዚያው ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ሙዕተመድ ኻን በጦር ስልትና በአስተዳደር አቻ እንዳልነበረው መሰከረ።

አንድ ነገር ግን መዝለል የለብንም። በአምበር ሠራዊት ውስጥ በገንዘብ የተገዙ ሐበሾችም ነበሩ። እሱ ከባርነት ወጣ፤ ባርነቱ ግን ቀረ። የጠላትን ስድብ መርምረን እንደምናነብ ሁሉ፣ የጀግናችንንም ታሪክ ሳንሸራርፍ እናንብብ።

መቃብሩ ዛሬም በኹልዳባድ አለ። አላህ ይዘንለት።