የትሉን መንገድ ውሃ ዳር የቆረጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ

ከነገሌ ቦረና ጀምሮ በደቡቡ ቆላ በሚገኙ ከተሞችና መንደሮች ውሃ የኑሮ መሠረት ነው። በገናሌና በዳዋ ወንዞች አካባቢ የመስኖ ቦይ ሲቀደድ፣ ለሰውና ለከብት ኩሬ ሲቆፈር፣ ልማቱ በሽታ አስከትሎ እንዳይመጣ አስቀድሞ ማሰብ የማኅበር መሪዎች ተግባር ነው። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የመስኖ ቦዮች ለቢልሃርዚያ መዛመት ምቹ ሆነው መገኘታቸው ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። ይህን በሽታ በመዋጋት ስማቸው ገንኖ የሚነሳው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው ተመለከቱ። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጡ።

የዚህ ግኝት ጥቅም የሚታወቀው የትሉ ተንኮል ሲታወቅ ነው። የቢልሃርዚያ ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚዋጋበት ኃይል ቢኖረውም ትሉን ማጥፋት ይቸግረዋል። የትሉ ገላ በድርብ ስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ትሉ አዲስ ሽፋን ከውስጥ እያዘጋጀ አሮጌውን ያራግፋል። ከሰውየው ደም ያገኘውንም ነገር በላዩ ለጥፎ ባዕድነቱን ይሸሽጋል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይህን ሽፋን ስለሚጎዳ ትሉ ለሰውነት መከላከያ ይጋለጣል። ሆኖም የዳነ ሰው ወደ ተበከለ ውሃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል።

ትሉ ግን ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ዶክተር አክሊሉ የመቱት ይህንኑ ደካማ ጎኑን ነበር። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በእንዶድ በተካሄደው ሥራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ ብለዋል።

በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው መርተዋል። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትክክለኛ ኑሮ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ፤ ኢንስቲትዩቱም በስማቸው ይጠራል።

ከሥራቸው የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰገራና ሽንት ወደ ኩሬና ወደ ቦይ እንዳይገባ መጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፈር። ቀንድ አውጣ የሚጠለልበት አረም ከቦይ ይመንጠር፤ ውሃውም ሳይቋጠር ይፍሰስ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ጤና ባለሙያ ምክር ውሃ ውስጥ አይጨመር። ትሉ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሽፋኑን ከደረበ በኋላ ከመታገል ይልቅ ውሃ ዳር መቅደም ይሻላል።