ሙሴ ኢልግና ደብዳቤዎቻቸው

የምኖረው መካኒሳ ነው። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ፥ ለቡ ላይ፥ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲሱ የጂቡቲ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ሐዲድ ያሰቡት ሰው ትዝ ይሉኛል፤ እኒህም የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ተወልደው፥ ዙሪክ ምህንድስና ከተማሩ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ምኒልክ በመጀመሪያ ጫማ አሠርተው ፈተኗቸው ይባላል፤ መሐንዲስ ጫማ ሲሰፋ ማየት ደግ ነበር! ኋላ ግን የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኑ። በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ውል ተቀብለው፥ ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ደብዳቤያቸው ነው። ቅኔውን ትቶ ሐረር ይነግድ ከነበረው ከአርተር ራምቦ ጋር ለዓመታት ተጻጽፈዋል። ነገሩ አብዛኛው ስለ ሸቀጥ፥ ስለ ቅፍለትና ስላልተከፈለ ዕዳ ነው። በ1882 ዓ.ም. ግን ራምቦ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት የባሪያ ልጆች እንዲልኩለት ለመናቸው። በዚያ ዘመን ባሪያ መግዛት እንደ ነውር አይቆጠርም፤ የንግድ ወዳጅን እንቢ ማለትም ይከብዳል። ኢልግ ግን ባሪያ ገዝተው እንደማያውቁ፥ ለራሳቸውም ቢሆን እንደማያደርጉት በትሕትና ጽፈው መለሱለት። ከሐዲዱ ይልቅ ይህን አንድ ወረቀት አከብራለሁ።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ገንዘብ አጥሮት ዓመታት ቆመ። ኢልግ በ1908 ዓ.ም. ዙሪክ ሲያርፉ አዲስ አበባ ገና አልገባም ነበር፤ የገባው በዓመቱ ነው።